ጋሪውን አውጡና ምንጣፍ አንጥፉ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ሁርሶ ቤተሰቦቼ ጋር ስሄድ የጠበቀኝ ጥያቄ ስለ ትምህርቴ አልነበረም። «አንተ የጤና ተማሪ አይደለህ እንዴ? ይቺ ልጅ ለምንድን ነው የማትሄደው?» ነበር። የእህቴ ልጅ 13 ወሯ ነው። ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፤ ስትለቅ ቁጭ ትላለች። የጎረቤት ልጅ በ10 ወሩ ስለሄደ እህቴ እንቅልፍ አጥታለች፤ «ጡትሽ ቢያንሳት ነው» ያሏትም አሉ። ሁርሶ በወታደር ማሠልጠኛዋ ትታወቃለች፤ ለካስ ሕፃንም እኩል እንድትሰለፍ ይጠበቃል! በመጨረሻ ከድሬዳዋ ባለ ጎማ የሕፃን ጋሪ ተገዛ።

እኔ ጋሪውን እቃወማለሁ። መራመድ የእግር ጉልበት ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በእያንዳንዱ እርምጃ መላ ሰውነት ለቅጽበት በአንድ እግር ይቆማል። ለዚህም ከውስጠኛው ጆሮ፣ ከዓይን፣ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ የሚመጣው መረጃ መስማማት አለበት፤ በማስማማቱ ረገድ ሴሬቤለም የምንለው ትንሹ አንጎል ትልቅ ድርሻ አለው። ትእዛዝ ወደ እግር የሚያወርዱት ነርቮችም መልእክት የሚያፈጥነውን የማይሊን ሽፋን ገና እየለበሱ ናቸው።

ሊ እና አሮንሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት ወለሉ ጸንቶ ግድግዳው ብቻ በሚንቀሳቀስ ክፍል ውስጥ መቆም የጀመሩ ሕፃናትን አቆሙ። ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ሕፃናቱ ተንገዳገዱ፣ የወደቁም ነበሩ። እግራቸው ያልተነቃነቀ ወለል ላይ ሆኖ ዓይናቸውን አመኑ ማለት ነው! ይህ ስምምነት የሚመጣው በመውደቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው የካረን አዶልፍና የባልደረቦቿ ጥናት እንዳሳየው ከ12 እስከ 19 ወር ያሉ ሕፃናት ሲጫወቱ በሰዓት በአማካይ 2,368 እርምጃ ይራመዳሉ፤ 17 ጊዜ ይወድቃሉ።

ጋሪው ውስጥ ግን ውድቀት የለም። ልጅቷ ተንጠልጥላ በጣቷ ወለሉን ትገፋለች እንጂ ሚዛኗን አትጠብቅም፤ ከሰል ምድጃው ጋ ግን በፍጥነት ትደርሳለች። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን የከለከለችው በጉዳቱ ምክንያት ነው። አያቶቻችን «ወፌ ቆመች» እያሉ እጃቸውን ለቀቅ የሚያደርጉት ይሻላል፤ ልጅቷ የራሷን ክብደት ራሷ ትሸከማለችና።

ለእህቴ የነገርኳት የዓለም ጤና ድርጅትን መለኪያ ነው፤ ብቻውን መራመድ ከ8.2 እስከ 17.6 ወር ባለው ጊዜ ይጠበቃል። 18 ወር ሞልቷት ካልሄደች፣ ወይም ከዚያ በፊት አንዱ እግሯ ከሌላው ከሰነፈ፣ ያኔ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን፤ ሪኬትስም መታየት አለበት።

ጋሪው አሁን የእናቴ ሽንኩርት ማስቀመጫ ሆኗል። ልጅቷ ግን ግድግዳዋን ገና አልለቀቀችም።