የሰርቨር ቅንብር የጥናት አካል ነው፦ ከደብረ ኤልያስ ጤና ኬላዎች አንጻር

በኮምፒውተር ሳይንስና በተዛማጅ የትምህርት ዘርፎች የሚሠሩ የመመረቂያ ጥናቶች ስለ ሥርዓቱ ንድፍ፣ ስለ መረጃ ቋቱና ስለ ፕሮግራሙ አሠራር በስፋት ያብራራሉ። ሰርቨሩ በሊኑክስ ላይ እንዴት እንደተጫነና እንደተቀናበረ ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ ልማድ ንድፉን የተመራማሪ፣ ተከላውን የቴክኒሻን ሥራ አድርጎ ከመመልከት የመነጨ ነው። ክፍፍሉ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ሰርቨሩ ከሚያገለግለው ቦታ መነሣት ይበቃል።

ደብረ ኤልያስ በምሥራቅ ጎጃም ዞን የሚገኝ፣ በደቡብ በኩል ከዐባይ ወንዝ የሚዋሰን ወረዳ ነው። እንደ ሌሎቹ የገጠር ወረዳዎች ሁሉ የመሠረታዊ ጤና አገልግሎቱ ምሰሶ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ባለሙያዎቹ በቀበሌ ጤና ኬላ ሆነው የእናቶችን ክትትልና የሕፃናትን ክትባት ይመዘግባሉ። ጤና ሚኒስቴር ይህን ምዝገባ ከወረቀት ወደ ታብሌት ለማሸጋገር የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓትን ሲዘረጋ ቆይቷል። ለጥቅል ሪፖርት ደግሞ በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚለማውን ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ይጠቀማል። ዲኤችአይኤስ 2 በተለምዶ በሊኑክስና በፖስትግሬስኪውኤል የመረጃ ቋት ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ከሌሎች ሥርዓቶች ጋር የሚገናኘው በዌብ ኤፒአይ ነው፤ ይኸውም አንዱ ፕሮግራም ከሌላው መረጃ የሚጠይቅበትና ለሌላው የሚያቀብልበት መንገድ ነው። በዚሁ መስክ የራሱን ሥርዓት የሚሠራ ተመራቂም የሚገነባው ሰርቨር እንዲህ ካለው ጤና ኬላ የሚላክ መዝገብ የሚቀበል ነው።

ከጤና ኬላው እስከ ሰርቨሩ ያለው መስመር ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ ይታወሳል። በሌላውም ጊዜ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ታብሌቱ መዝገቡን በውስጡ አከማችቶ ይቆያል፤ መስመር ሲገኝ የሰነበተውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይልካል። ከፕሮግራሙ ፊት ሆኖ ጥያቄዎችን የሚቀበለው ኤንጂንኤክስ ግን ነባሪ ቅንብሩ ካልተለወጠ ከ1 ሜጋባይት የሚበልጥ ጭነት አያስገባም፤ 413 የሚል የስሕተት ቁጥር ሰጥቶ ይመልሳል። በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ አንድ አንድ መዝገብ እየተላከለት የተፈተነ ሥርዓት ይህን ወሰን ሳይነካው ተማሪው ይመረቃል። ወሰኑ የሚታወቀው የብዙ ሳምንት ሥራ የተጠራቀመበት ታብሌት መላክ ሲያቅተው ነው።

ከሚታየው ስሕተት ይልቅ የማይታየው ይከፋል። ኤንጂንኤክስ ከኋላው ካለው ፕሮግራም ለ60 ሰከንድ ምንም ምላሽ ካላገኘ መጠበቁን ትቶ ለላኪው 504 የሚል ቁጥር ይመልሳል። ፕሮግራሙ ግን ሥራውን ላያቋርጥ ይችላል፤ በ70ኛው ሰከንድ መዝገቡን በመረጃ ቋቱ ያሰፍራል። ታብሌቱ በበኩሉ “አልደረሰም” ብሎ ያንኑ መዝገብ ደግሞ ይልካል። በዚህ መንገድ የአንዲት እናት ክትትል ሁለት ጊዜ ይቆጠራል፤ አንድ የተከተበ ሕፃን በሪፖርቱ ላይ ሁለት ይሆናል። የክትባት ሽፋኑ ከእውነታው በላይ ሲታይም ያልተከተቡት ሕፃናት ከቁጥሩ ጀርባ ይሰወራሉ። መፍትሔው የጊዜ ገደቡን ማራዘም ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ መዝገብ ገና በታብሌቱ ላይ ሳለ ልዩ መለያ ሊሰጠው፣ የመረጃ ቋቱም ያንኑ መለያ ሁለተኛ ጊዜ እንዳይቀበል ተደርጎ ሊቀናበር ይገባል። ንድፍና ቅንብር ተለያይተው ሊመዘኑ እንደማይችሉ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አያስፈልግም።

የመብራት ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ተማሪው ከተርሚናል በእጁ ያስነሣው ፕሮግራም መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ መብራቱ ሲመለስ ግን በራሱ አይነሣም። ሲስተምዲ በተባለው የሊኑክስ አገልግሎት አስተዳዳሪ በአግባቡ ቢመዘገብ ኮምፒውተሩ ሲከፈት አብሮ ይነሣል፤ በመሐል ቢወድቅም እንደገና ይጀምራል። ጥቂት መስመር ጽሑፍ የሚጠይቀው ይህ ሥራ ባለመሠራቱ፣ ሰርቨሩ አንድ ሰው መጥቶ እስኪያስነሣው ድረስ ሪፖርት ሳይቀበል ይቆያል።

ምስጢር መጠበቅም ከቅንብር ውጭ አይታሰብም። የመረጃ ቋቱ 5432 ፖርትና የፕሮግራሙ 8080 ፖርት ለዚያው ኮምፒውተር ብቻ ክፍት ሆነው፣ ከውጭ የሚመጣው መረጃ ሁሉ በ443 ፖርት በኩል ተመስጥሮ መግባት አለበት። ዶከርን መጠቀም ይህን ሁሉ ድካም ያስቀራል የሚሉ አሉ። ዶከር ተከላን ማቅለሉ እውነት ነው። ሆኖም በነባሪ አሠራሩ ለውጭ የሚከፍተው ፖርት በኡቡንቱ ላይ በዩኤፍደብሊው የተጣለውን ክልከላ አልፎ ይሄዳል፤ ዘግቻለሁ ያለ ባለሙያ የመረጃ ቋቱን ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጎ ሊያድር ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የአንድ ሰው የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ወገን በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው ቸልታ የሕግም ጉዳይ ነው።

ከዚህ አቋም በተቃራኒ ሁለት ሐሳቦች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ሰርቨሩን በውጭ አገር ደመና ላይ በማስቀመጥ ችግሩ ይወገዳል የሚል ነው። ደመና የመብራቱን ችግር ያቃልላል፤ የ1 ሜጋባይቱን ወሰን፣ የ60 ሰከንዱን ገደብና የመዝገብ መደገምን ግን አይነካም፤ የተቋረጠውንም መስመር አይቀጥልም። ሁለተኛው የጥናት ጊዜ አጭር ስለሆነ ተማሪው በአዲስ ሐሳብ ላይ ያተኩር የሚል ነው። ይህ ክብደት ያለው ክርክር ነው። ነገር ግን ተመራቂው ሥርዓቱ ለገጠር ጤና ኬላ ይበጃል ብሎ እስከ ደመደመ ድረስ፣ የገጠሩ መስመር ያልገባበት ሙከራ ድምዳሜውን አይደግፍለትም። ጊዜው ካጠረ መቀነስ ያለበት የሥርዓቱ ስፋት ነው።

ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርት ቤቱ የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ቅኔው ተሰምቶና ታርሞ እንጂ በተማሪው ልብ ስላለ ብቻ አይጸድቅም። ዩኒቨርሲቲዎችም፣ ለወረዳው ቅርብ ከሆነው ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ፣ ለሰርቨር ሥራ ተመሳሳይ ፈተና ሊያኖሩ ይችላሉ። አንደኛ፣ ሥራውን የማያውቅ ሌላ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ብቻ ይዞ በባዶ ሊኑክስ ላይ ሰርቨሩን ይትከል። ሁለተኛ፣ በመላክ ላይ ሳለ መስመሩ ይቆረጥና ያው መዝገብ ይደገም፤ ቁጥሩ ሳይዛባ ይገኝ። ሦስተኛ፣ ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ ኃይሉ ይነቀል፤ ሲመለስ አገልግሎቱ ማንም ሳይነካው ይነሣ። አራተኛ፣ መጠባበቂያ ቅጂው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ ይነበብ። አራቱም ለአንድ ቀን የሚበቁ ናቸው፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቁም። ውጤታቸው በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ እንደማንኛውም ግኝት ሰፍሮ ነጥብ ሊሰጠው ይገባል።