የረሃብ አገር ልጅ ምግብን ካላጠና ማን ሊያጠናው ነው?

የወገዳ ልጆች! የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ልጆች! ዛሬ ስለ ዲፓርትመንት ምርጫ እናውራ። ቀላል ወሬ እንዳይመስላችሁ።

ፍሬሽማን ባለቀ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣል። «ፉድ ሳይንስ ደረሰኝ፤ ምን ይሻለኛል? ላስቀይረው ወይ?» ጠያቂው ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። የዶርም ጓደኞቹ «ወጥ መሥራት ለመማር ነው ይሄ ሁሉ ዓመት?» ብለው ስቀውበታል። ሜዲስን የደረሰው ልጅ ሲመረቅለት እሱ አንገቱን ደፍቷል።

እኔም ደርሶብኛል። የደረሰኝ ቀን ለአባቴ ደወልኩ። «ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» አለኝ። ማስረዳት አቃተኝና «የምግብ ትምህርት ነው አባዬ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ኧረ ልጄ፣ ምግቡ ካለ አይደል ትምህርቱ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያ ንግግር ተመርቄ እስክወጣ ድረስ ከጆሮዬ አልጠፋም።

አባቴ የተናገረው ከሜዳ ተነስቶ አይደለም። 77ን በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ሴፍቲኔት ሲመጣ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ተረጂ ወረዳ ተብለው ሲመዘገቡ አይቷል። በየወሩ ስም ሲጠራ ተሰልፎ መቆም ምን እንደሆነ ያውቃል። ለእሱ የረሃብ መልስ ዝናብ ነው፣ እርሻ ነው፣ ካልሆነም የመንግሥት ስንዴ ነው። «ትምህርት» እዚህ መሀል ምን ሊሠራ ይገባል?

እሱ እስኪገባው ድረስ እኔም አልገባኝም ነበር። የገባኝ ጓያን ሳጠና ነው።

ጓያን የማያውቅ የደቡብ ጎንደር ልጅ የለም። ዝናቡ ጥሎ ሲሄድ፣ ሌላው አዝመራ ሲከዳ፣ ጓያ መሬት ውስጥ በቀረችው ርጥበት ብቻ በቅሎ ያፈራል። ለዚህ ነው የክፉ ቀን እህል የሆነው። ነገር ግን ውስጡ ኦዳፕ የሚባል መርዛማ ንጥረ ነገር አለ። ሰው ለሳምንታትና ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ ካደረገ ነርቩ ይጎዳል፣ እግሩ ይያዛል፣ ዕድሜ ልኩን በምርኩዝ ይሄዳል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ክፋቱ ደግሞ በብዛት የሚይዘው ወጣቱን፣ ከወጣቱም ወንዱን ነው። አርሶ ቤተሰብ የሚያበላውን ማለት ነው።

ሐኪሞች ይህን በሽታ በደንቢያና በፎገራ ለዓመታት አጥንተውታል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከጋይንት በስተምሥራቅ፣ በደላንታና ዳውንት፣ ድርቅ ተከትሎ ሕዝቡ ጓያ ላይ ሲወድቅ ብዙ ሰው ሽባ ሆነ። ዶ/ር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው እዚያው ወርደው፣ ታማሚውንም ጤነኛውንም አንድ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ጠየቁ። «ጓያውን እንዴት አድርጋችሁ ነው የበላችሁት?»

መልሱ ዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔቶች ላይ ወጥቷል። በእሸትነቱ ጥሬውን የበላና ቀቅሎ በንፍሮ መልክ የበላ ሰው አደጋው ከፍ ብሎ ተገኘ። አቡክቶ ጋግሮ ወይም በወጥ መልክ የበላው ላይ ግን ይህ አልታየም። ሽንኩርትና ቅመም ካለበት ወጥ ጋር የበላ፣ ከሌላ እህል ጋር ቀይጦ የበላ ደግሞ በተሻለ ተጠብቆ ተገኘ።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ያው ድርቅ፣ ያው ጓያ፣ ያው መንደር። ግን አንዱን ከሌላው ከለዩት ነገሮች አንዱ እህሉ ከጎተራ ወጥቶ አፍ እስኪደርስ ያለፈበት መንገድ ነበር። ኦዳፕ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ መዘፍዘፍና ውኃውን መድፋት ይቀንሰዋል። ይህን ማወቅ አንድ ቤት ውስጥ የአንድ ልጅ እግር ነው። (ይህ ማለት ግን ጓያን ብቻችሁን ያለ ስጋት ብሉ ማለት አይደለም። መርዙ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ተመራማሪዎች መርዙ ዝቅ ያለ «ዋሴ» የሚባል ዝርያም አውጥተዋል።)

ፉድ ሳይንስ ማለት ይሄ ነው ወገን። ወጥ መሥራት አይደለም። ገበሬው አምርቶ ከጨረሰበት ይጀምርና ሆድ ውስጥ ገብቶ ሥጋና ደም እስኪሆን ያለውን መንገድ ማጥናት ነው። ረሃብ ማለትም ምግብ ማጣት ብቻ አይደለም። ያለው ምግብ ሲበሰብስ፣ ሲነቅዝ፣ ሲመርዝ፣ ሆድ ሞልቶ ሰውነት ሳይገነባ ሲቀርም ረሃብ ነው።

ሁለተኛ ምሳሌ ከራሳችን ደጅ። ጉና ሥር ያለውን ድንች አስቡት። ከነፋስ መውጫ ወደ ደብረ ታቦር ስትሄዱ በመንገዱ ዳር የሚደረደረውን ማዳበሪያ ሁላችሁም አይታችሁታል። ሁሉም በአንድ ሰሞን ያወጣል፣ ገበያው ይሞላል፣ ነጋዴው በፈለገው ዋጋ ይጭናል። «አልሸጥም» ብሎ ያስቀመጠውም ይበሰብስበታል ወይም ያጎነቁልበታል። ከወራት በኋላ ያው ገበሬ ድንች በውድ ይገዛል። ይሄ የዝናብ ችግር ነው? አይደለም። የማቆያ ችግር ነው።

ማቆያው ደግሞ ዕውቀት ይጠይቃል። ለዘር የሚሆነው ድንች ብርሃን ይወዳል፤ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆንለታል። ለምግብ የሚሆነው ግን ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመርራል፣ መርዝም ያፈራል። ለጥብስ የሚሆነውን በጣም ብታቀዘቅዙት ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጥና ዘይት ውስጥ ሲገባ ይጠቁራል። አንድ ድንች፣ ሦስት ዓይነት አያያዝ! ይህን ማን ያስተምረው ለገበሬው?

በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎች ድንቹን ሌሊት ለውርጭ፣ ቀን ለፀሐይ ያሰጡትና በእግራቸው ረግጠው ውኃውን ያወጡታል። ደርቆ ሲያበቃ ቹኞ ይባላል፤ በደንብ ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። ፋብሪካም መብራትም ሳይኖራቸው፣ ጠላት የነበረውን ውርጭ አሽከር አደረጉት። የጉናን ውርጭ እኛ የምናውቀው ገብሱን ሲመታብን ብቻ ነው። የጉና ብርድ ለዚህ ይበቃል አይበቃም? የትኛው ወር? የትኛው የድንች ዝርያ? ይሄ ለአንድ ጎበዝ ተማሪ የመመረቂያ ጥናት ነው። እስካሁን ያልሠራነው እኛ ነን።

ሦስተኛው ከሁሉ ያማል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በአገር ደረጃ 38 ነበር። የኛ ያኔ ከክልሎች ሁሉ የባሰው ነበር። መቀንጨር ቁመት ማጠር ብቻ አይደለም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ከጓደኛው ወደኋላ ተቀድሞ ነው የሚገባው። ስለ ወጣቱ መብትና ስለ ነገው ትውልድ ሌት ተቀን እንጽፋለን፤ የትውልዳችን ትልቅ ክፍል ግን ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ማዕድ ላይ እየተሸነፈ ነው።

እዚህም ላይ የቤታችን ዕውቀት አለ፤ ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረንም። እናቶቻችን ሊጡን በእርሾ የሚያቦኩት እንጀራው ዓይን እንዲያወጣ ብቻ ይመስለናል። እህል ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ። መቡካቱ ያንን ይቀንሰዋል፣ ሰውነት ብረቱን እንዲያገኘው ይረዳል። ቶሎ እንዲደርስ ብሎ በችኮላ የሚጋገር እንጀራና በደንብ የቦካ እንጀራ አንድ አይደሉም።

«ይሄ ሁሉ ወሬ ነው፣ ማን ሠርቶት ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። ተሠርቷል። ፋፋን አስታወሳችሁ? በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ባቋቋሙት የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም የተቀመረ ነው። እህል፣ ጥራጥሬ፣ የወተት ዱቄት፣ ቫይታሚን ተመጥኖ። ስሙ ራሱ አማርኛ ነው፤ ልጁ ፋፋ! ኋላ ላይ የመጣው ፕላምፒ ነትም ያው ነው። ለውዝ፣ ወተት፣ ስኳርና ዘይት ናቸው። ብልሃቱ ውኃ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ውኃ ስለሌለው ባክቴሪያ አይራባበትም፣ እናት የቆሸሸ ውኃ አትቀላቅልበትም፣ ልጁ ሆስፒታል ሳይተኛ ቤቱ ይድናል። ዛሬ አገር ውስጥም ይመረታል።

ውኃን አውጥቶ ምግብን ማቆየት ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ ነው እንዴ? ድጓ ሊያስመሰክሩ ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሊያስመሰክሩ ወደ ዙር አምባ ከመላ አገሪቱ የመጡት ተማሪዎች ስንቃቸው ምን ነበር? በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። የአገር ሊቅ የወጣው በዚያ ስንቅ ነው። እኛ የቀረን ያንን ዕውቀት ለክቶ፣ መዝኖ፣ አሽጎ ገበያ ማውጣት ነው።

የት ይማሩታል? ቅርባችን ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኬሚካልና የምግብ ምህንድስና ፋኩልቲ አለው። ሐረማያና ሐዋሳም በግብርናው በኩል ለረጅም ጊዜ አስተምረዋል። በምህንድስና ከገባችሁ አምስት ዓመት ነው፤ ሒሳቡና ፊዚክሱ ይበዛል። በግብርና በኩል አራት ነው፤ ኬሚስትሪና ባዮሎጂው ይበረታል። በሁለቱም የምግብ ኬሚስትሪ፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ማቆያና ማሸጊያ፣ የጥራት ቁጥጥር ትማራላችሁ። ኬሚስትሪን ከ12ኛ ክፍል ጋር ተሰናብቼዋለሁ ያለ ሰው ይቸገራል። መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና አለ።

አሁን ደግሞ መራሩን ልንገራችሁ፤ ዋሽቼ ላስገባችሁ አልፈልግም። ሥራው እንደልብ አይደለም። ፋብሪካው በብዛት አዲስ አበባና ዙሪያዋ ነው። እኔ ተመርቄ ከዓመት በላይ ቤት ተቀምጫለሁ። ለተግባር ልምምድ የተላክኩበት ፋብሪካ ሁለት ወር ሙሉ ካርቶን ሲያስለጥፈኝ ነው የከረመው፤ ላቦራቶሪውን ያየሁት በመስኮት ነው። ማስታወቂያው ሁሉ «የሁለት ዓመት ልምድ» ይላል። ዛሬ ኳሊቲ ኮንትሮል ላይ እሠራለሁ። ደሞዙ የሚያኮራ አይደለም።

ታዲያ ለምን «ግቡበት» እላለሁ? ሜዲስን ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚለው ልጅ ሁሉ ደሞዝ ብቻ አይቶ ከሆነ እኔ የምለው የለኝም። ግን «ለሕዝቤ» የሚለውን ቃል አፋችን ላይ ካላጠፋነው፣ ለዚህ ሕዝብ የትኛው ዕውቀት እንደጎደለው እንይ። 12ኛ ክፍልን የሚያልፈው ከመቶ ጥቂት በሆነበት ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ እናንተ የብዙ ሰው ዕጣ ይዛችሁ ነው የገባችሁት።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ፉድ ሳይንስ የደረሳችሁ ወይም የምትመርጡ፦ የመመረቂያ ጥናታችሁን ኢንተርኔት ላይ ከተገኘ ርዕስ አትገልብጡ። አገራችሁ ግቡ። የስማዳን ጓያ፣ የጋይንትን ድንችና ገብስ፣ የእስቴን ጎተራ አጥኑ። እናታችሁን ጠይቁ፣ ጻፉ፣ ለኩ። ውጤቱንም በአማርኛ አሳጥራችሁ ለግብርና ባለሙያውና ለጤና ኤክስቴንሽኗ ስጡ።

ሁለተኛ፣ ከዩኒቨርሲቲ ውጪ ያላችሁ፦ ማወቅ ዲግሪ አይጠብቅም። አየር የማያስገባ ከረጢት ነቀዝን ያለ መድኃኒት እንደሚገድል፣ ያልደረቀ በርበሬና በቆሎ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ እንደሚያመጣ ቤተሰባችሁን ንገሩ። የሻገተውን «ለከብት ይሁን» አትበሉ፤ በወተቱ ይመለሳል።

ሦስተኛ፣ ውጭ አገርም ከተማም ያላችሁ የአገራችን ልጆች፦ ችግር ሲመጣ ስንዴ መግዛታችሁን እግዜር ይስጥልን። የራበው ሰው ትምህርት እስኪጨርስ አይጠብቅም። ግን ለስንዴ ከምናዋጣው ላይ ቀንሰን ለአንድ ቀበሌ አንድ የድንች ማቆያ፣ አንድ የፀሐይ ማድረቂያ ብንሠራና ሁለት ተመራቂ ብንቀጥርበትስ? በሚቀጥለው ዓመት የሚሰለፈው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። ተሰላፊ ሳይቀንስ የሚቀጥል እርዳታ ክብር አይሰጠንም።

ባለፈው ፋሲካ አገር ቤት ገብቼ ነበር። እናቴ የጓያ ሽሮ ልታዘጋጅ ስትል አብረን አደርን ዘፈዘፍነው፣ ውኃውን ደፋን፣ ከባቄላ ጋር ቀየጥነው። አባቴ ዳር ቁጭ ብሎ ሲያየን ቆየና «ይሄን ነው እንዴ የተማርከው?» አለ። አዎ አባዬ፣ ይሄን ነው። ምግቡ እንዲኖር፣ ያለውም እንዳይገድል ነው ትምህርቱ።

የደረሳችሁ አታስቀይሩት። ያልደረሳችሁ በደረሰው አትሳቁ። ዲፓርትመንት ሊሞላ ላለ ወንድምና እህት ሼር አድርጉት። እናንተ ቤት ጓያ እንዴት እንደሚዘጋጅ ደግሞ ከታች ጻፉልኝ፤ እየሰበሰብኩ ነው።