ፎቶ አንሺ ተማሪዎች

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶች። በስልክ ያለውስ?

ትናንት መምህሩ ስላይዱን ሲገልጡ የሁላችንም እጅ ተነሣ። ለጥያቄ መስሏችሁ እንዳትደሰቱ፤ ፎቶ ለማንሣት ነው! ያነሣነውን መልሶ ያየ ማን ነው? እኛም አላየነውም።

ዘመኑ የዲጂታል ነው ይሉናል። እሺ፤ የዲጂታል ዕውቀት ማለት ግን ስልክ መነካካት ነው እንዴ? የሚያዘውንና የሚጣለውን መለየት አይደለም ወይ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ትምህርታችንን ለቴሌግራም አደራ የሰጠን ሁሉ ባዶ እጃችንን ቀረን። ወረቀትም ዋስ አይሆንም፤ ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል የኛ የአጣዬ ልጆች ደብተር ከቤታችን ጋር ነደደ። የተረፈን ጭንቅላታችን የያዘው ብቻ ነበር።

ጭንቅላት ደግሞ አጥብቆ የሚይዘው እጅ የደከመበትን ነው። ሐሳቡን አሳጥሮ፣ በክብና በቀስት አያይዞ፣ ምክንያቱን ከውጤቱ ለይቶ መሣል ነገሩ ሳይገባ አይሆንም። ፎቶ ማንሣት ግን እያንቀላፉም ይቻላል። «ሥዕል የሕፃን ጨዋታ ነው» እያሉ ማርክ ለሚቀንሱን መምህራን አንድ ጥያቄ አለን፦ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ፊደል ያልቆጠረውን ሕዝብ ሲያስተምር የኖረው በምን ነበር?

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ከነገ ጀምሮ ስልኩ ኪስ ይግባ፤ እርሳስ ይውጣ። መምህራንም ስላይዱን ያጥፉና ጠመኔ ያንሡ!