ከፎርማት በፊት ምርመራ፦ ለተለመደ አስተያየት የቀረበ ምላሽ

«ፕሮግራሙ አልጫን ካለ ፎርማት አድርገው» የሚለው ምክር በኮምፒውተር ጥገና ቤቶቻችን የሙያ ሕግ እስከ መምሰል ደርሷል። ደጋፊዎቹ የሚያቀርቡት ምክንያት በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን የሚፈጀው ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ዋጋውም ቁርጥ ነው። ምክንያት ፍለጋ ግን በአሥር ደቂቃም ሊያልቅ፣ ቀኑን ሙሉም ሊወስድ ይችላል። ደግሞም ፎርማት ይሠራል ይላሉ፤ ደንበኛው ኮምፒውተሩን ሲረከብ ፕሮግራሙን ተጭኖ ያገኘዋል። ክርክሬ ከዚህ ከመጨረሻው ነጥብ ጋር ነው። ፕሮግራሙ ከፎርማት በኋላ መጫኑ፣ ችግሩን የፈታው ፎርማቱ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም።

ይህ በጉልህ የሚታይበትን አንድ ጉዳይ ላንሣ። የዊንዶውስ አካውንቱን በአማርኛ ስም የከፈተ ሰው፣ በሲ ድራይቭ ላይ በግዕዝ ፊደል የተሰየመ የግል ፎልደር ይኖረዋል። ብዙ መጫኛዎች ደግሞ ፋይሎቻቸውን መጀመሪያ የሚፈቱት በዚሁ ፎልደር ሥር ባለው ቴምፕ ውስጥ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ሦስተኛው ዕትም ነው። ከዚያ በፊት ዊንዶውስ ለየቋንቋው ይጠቀምባቸው ከነበሩት ኮድ ፔጆች መካከል ለአማርኛ የተሰናዳ አልነበረም። ስለዚህ ዛሬም በአሮጌው መንገድ የተጻፈ መጫኛ «አበበ» የሚለውን የፎልደር ስም ሲያነብ ሦስት የጥያቄ ምልክቶች ብቻ ይደርሱታል። የጥያቄ ምልክት ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ከማይቀበላቸው ምልክቶች አንዱ ነው። መጫኛው የጻፈውን ፋይል መልሶ ማግኘት ያቅተውና ሥራው ይቋረጣል።

ባለሙያው ፎርማት ያደርጋል። ዊንዶውስን እንደገና ሲጭን አዲሱን አካውንት እንደ ልማዱ በላቲን ፊደል «ፒሲ» ወይም «ዩዘር» ብሎ ይሰይመዋል፤ ፕሮግራሙም ይጫናል። የተለወጠው ወሳኝ ነገር የፎልደሩ ስም ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለፎርማት ይሄዳል። በላቲን ፊደል ሌላ አካውንት መክፈት፣ ወይም የቴምፕን አድራሻ ወደ ሌላ ፎልደር ማዞር በቂ ነበር። (የአካውንቱን መጠሪያ ብቻ መቀየር አይጠቅምም፤ የፎልደሩ ስም እንደ ነበረ ይቀራል።) እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ጉድለቱ የፕሮግራሙ ሠሪዎች ነው፤ ማንም ሰው በገዛ ፊደሉ ስሙን ጽፎ ኮምፒውተሩን መጠቀም ይገባዋል። ምክንያቱ ሳይታወቅ በተደመሰሰ ቁጥር፣ ሠሪዎቹ እንዲያስተካክሉት የሚጠይቅ አቤቱታ ሳይቀርብ ይቀራል።

የሰዓት ነገርም እንዲሁ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስትደክም ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላ ሰውም ተመሳሳይ ችግር ይገጥመዋል። በዚህ ጊዜ ከኢንተርኔት እያወረዱ የሚጫኑ ፕሮግራሞች የደኅንነት ሰርተፊኬቱ ገና አልጸናም ብለው ያቆማሉ። ፎርማት ባትሪ አይቀይርም።

ዋናው መከራከሪያዬ ግን ማስረጃው ኮምፒውተሩ ውስጥ መኖሩ ነው። ማይክሮሶፍት በ1999 ከኦፊስ 2000 ጋር ያወጣው ዊንዶውስ ኢንስቶለር፣ ሥራው ሲከሽፍ የጀመረውን ወደ ነበረበት ይመልሳል፤ የስህተት ቁጥርም ይሰጣል። 1618 ማለት ሌላ ፕሮግራም እየተጫነ ነው ማለት ነው፤ ያ እስኪያልቅ መጠበቅ ወይም ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጠው 1603 ነው፤ ከባድ ስህተት ተፈጠረ ከማለት አልፎ ብዙ አይናገርም። መጫኛው ዝርዝር ሎግ እንዲጽፍ ታዝዞ እንደገና ሲሞከር ግን፣ ሎጉ ውስጥ «ሪተርን ቫልዩ 3» የሚለውን ሐረግ መፈለግ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሐረጉ ጥቂት መስመሮች ከፍ ብሎ ተጽፎ ይገኛል። ማይክሮሶፍት ራሱ ከሚዘረዝራቸው የ1603 ምክንያቶች መካከል፣ ሲስተም የተባለው የዊንዶውስ ውስጣዊ አካውንት በፎልደሩ ላይ ሙሉ ፈቃድ ማጣቱና ፎልደሩ የተመሰጠረ መሆኑ ይገኙበታል። ሁለቱም ያለ ፎርማት ይስተካከላሉ።

ፎርማት የግድ የሚሆንበት ጊዜ የለም አልልም። 64 ቢት ፕሮግራም በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም፤ ከ32 ወደ 64 ቢት መሻገር የሚቻለውም ዊንዶውስን ከባዶ በመጫን ነው። ሥር የሰደደ ቫይረስም እንዲሁ። ነገር ግን እነዚህንም ለይቶ የሚያሳየን ምርመራ ነው።

ጊዜ ይቆጥባል የሚለውም የጥገና ቤቱን ጊዜ ብቻ የሚቆጥር ሒሳብ ነው። በተለመደው አሠራር ዴስክቶፕና ዶክዩመንትስ ያሉት ሲ ድራይቭ ላይ ነው፤ ቅጂ ካልተያዘላቸው የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተሰቡ ፎቶ አብረው ይጠፋሉ። ከዚያም ባለቤቱ በገዛ ፓኬጁ የዊንዶውስ ማሻሻያዎችን በጊጋባይት እንደገና ያወርዳል።

ስለዚህ ባለሙያዎቻችንን የምለምነው፣ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የስህተቱን ቁጥርና ሥራው የቆመበትን የሎግ መስመር ጽፋችሁ ለባለቤቱ ስጡት። አንባቢም ኮምፒውተርህን ለጥገና ስታስረክብ ይህን ወረቀት ጠይቅ።