«ጭንቅላቱ አይቀበልም» ስለሚባለው የበየዳ ልጅ



«የደጋ ልጅ ጭንቅላቱ አይቀበልም፣ ብርዱ አደንዝዞታል» የሚል ወሬ ደባርቅም ዳባትም ላይ እንሰማለን። ከበየዳ ለትምህርት የወረደ ልጅ ፊደል ሲዘገይበት፣ የሐፈዘው ሱራ ሲጠፋበት ፍርዱ ይህ ነው። ቀጥሎ አለንጋ ይነሳል። እኛ ይህን ወሬ አንቀበልም።

እውነት ጥፋቱ የአየሩ ነው? ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ጥናት፣ እዚሁ ሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎች ተመርምረዋል። በደማቸው ያለው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆነ። ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም ማለት ነው! የአንዲስ ተራራ ሰዎች ደማቸው ይወፍራል፣ የቲቤቶቹ ኦክስጅናቸው ይቀንሳል፤ የእኛዎቹ ሁለቱም አልሆኑም። አልሐምዱሊላህ፣ አየሩ የበየዳን ልጅ አልበደለውም።

የሚበድለው ሌላ ነው። በተራራ አገር ዝናብና ጎርፍ አዮዲንን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል። አፈሩ ከሌለው ገብሱም ባቄላውም የለውም። እናት በእርግዝናዋ አዮዲን ካጣች ጉዳቱ አንገቷ ላይ በሚወጣው እንቅርት አያበቃም፤ የፅንሱን አእምሮ ይነካል። ስዊዘርላንድም የተራራ አገር ናት፤ በዚሁ ሰበብ አእምሯቸው የተጎዳ ልጆች ይወለዱባት ነበር፣ ሰዉም ይስቅባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ጀመሩ፣ በሽታው ጠፋ። ተራራው ግን አሁንም እዚያው ቆሟል።

ረሀቡም አለ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በማህፀን አዮዲን ያጣ፣ በልጅነቱ ያልጠገበ ልጅ መድረሳ ሲገባ ደግሞ ይገረፋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው።

ኢብኑ ኸልዱንን የሚጠቅሱብንም አሉ። አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ1377 በጻፉት ሙቀዲማ አየርና ምግብ የሰውን ጠባይ ይቀርጻሉ ብለዋል። ስለ ሩቅ አገር ሕዝቦች የተናገሩት ክፉ ቃልም አለ፣ እሱን አንወስድም። ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ በተማሪ ላይ መጨከን፣ በተለይ በሕፃን ላይ፣ እንደሚጎዳው፣ ውሸትና ስንፍና እንደሚያስለምደው ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ። የመጀመሪያውን ገልጦ ሁለተኛውን የሚዘል ኡስታዝ ምን ሊባል ነው?

ጨው የምትሸጡ ወንድሞቻችን! ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአገሪቱ ደንብ ያዛል። በርካሽ ያገኛችሁትን አዮዲን የሌለው ጨው በየዳ ድረስ ጭናችሁ አትሽጡ። ያለውንም ከፍታችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ አዮዲኑ ይጠፋል። እህቶቻችን፣ ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጥ ላይም ሊወጣ ሲል ጨምሩ። ኡስታዞቻችን ደግሞ አለንጋውን ከማንሳታችሁ በፊት ልጁን ዛሬ ምን በልቶ እንደመጣ ጠይቁት።