በራሪ ወረቀቶቻችን ለምን አይበሩም?

ከጦር ኃይሎች ተነስታችሁ በአየር ጤና በኩል እስከ ዓለም ባንክ በታክሲ ስትሄዱ፣ ስንት የንግድ በራሪ ወረቀት እንደሚደርሳችሁ እስቲ ቁጠሩ። አንዱ በመስኮት ይወረወራል፤ አንዱ ሰልፍ ላይ እያላችሁ እጃችሁ ውስጥ ይደረጋል። አሁን ደግሞ ከነዚህ ውስጥ ስንቱን ቤት እንዳደረሳችሁ ቁጠሩ። መልሱን የአየር ጤና ታክሲ ተራ መሬት ያውቀዋል።

የኮልፌ ቀራኒዮ ነጋዴ «ሕዝቡ ማንበብ አይወድም» ይላል። እኛ ደግሞ የሚነበብ ነገር አልሰጣችሁትም እንላለን።

አንዱን ከመሬት አንስተን አብረን እናንብብ። ከላይ «ታላቅ የምሥራች!» ይላል። ቀጥሎ «ድርጅታችን ጥራት ያለው አገልግሎት በተመጣጣኝ ዋጋ ይዞላችሁ ቀርቧል»። ከዚያ አሥራ ምናምን የአገልግሎት ዓይነት፣ ከታች አራት ስልክ ቁጥር። ዋጋ? የለም። «ተመጣጣኝ» የተባለው ከምን ጋር ተመጣጥኖ ነው? ይህ ዓረፍተ ነገር ለፀጉር ቤቱም፣ ለጥርስ ክሊኒኩም፣ ለመኪና እጥበቱም እኩል ይሠራል። ለሁሉም የሚሆን ቃል ለማንም አልተባለም።

ዋጋው ለምን ይደበቃል ብላችሁ ብትጠይቁ ሁለት መልስ ታገኛላችሁ። አንደኛው «ተፎካካሪ ያየዋል» ነው። ተፎካካሪ ዋጋችሁን ማወቅ ከፈለገ ደንበኛ መስሎ ይደውላል፤ ሳያውቅ የሚቀረው ደንበኛው ብቻ ነው። ሁለተኛው «ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል» የሚለው ነው። ይሄኛው እውነት አለው፤ በተለይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ። ግን መድኃኒቱ መደበቅ ሳይሆን ቀን መጻፍ ነው፦ «ይህ ዋጋ እስከ ጥቅምት 30 ይጸናል»። ከጻፋችሁ ደግሞ አክብሩት። ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 759/2004 ለቴሌቪዥን ብቻ የወጣ አይደለም።

ጎበዝ የማስታወቂያ ጸሐፊ ማየት የሚፈልግ ወደ መብራት ምሰሶው ይሂድ። «የሚከራይ ቤት፣ አንድ ክፍል፣ ቤተል፣ ውኃና መብራት ያለው» የሚል በእጅ የተጻፈ ወረቀት፣ ከታች ስልክ። ዲዛይነር አልነካውም፤ ቀለምም የለውም። ግን ደላላው ማንን እንደሚፈልግ ያውቃል፤ የሚናገረውም አንድ ነገር ብቻ ነው። ቤት ፈላጊው ቆሞ ያነበዋል።

አገራችንስ በጥቂት ቃል መናገር መቼ አቅቷት ያውቃል? በየካቲት 1957 ተማሪዎቹ «መሬት ላራሹ» ብለው ሲወጡ መፈክራቸው ሁለት ቃል ነበር። ዓላማውን ደገፍንም ተቃወምንም፣ ሰሚው የተጠየቀው ምን እንደሆነ ገብቶታል። የዘንድሮው ወረቀት በሁለት መቶ ቃል ምን እንደሚሸጥ እንኳ አይነግረንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንድ ወረቀት፣ አንድ አገልግሎት፣ አንድ ዋጋ፣ አንድ ስልክ። «ወረዳ ይህን ያህል፣ የቤት ቁጥር አዲስ» የሚለውን ተዉት፤ አዲስ አበባ ውስጥ በቤት ቁጥር የሚሄድ ሰው የለም። ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ወረድ ብሎ፣ ከየትኛው ባንክ ፊት ለፊት እንደሆነ ተናገሩ። አንድ ኤ4 ወረቀት ለአራት ሲቆረጥ ኪስ የሚገባ መጠን ይወጣዋል፤ በቂ ነው። ፊደሉን ግን አታሳንሱት፤ «ሱ»ን ከ«ሲ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፤ ስትደፈን ሰው ማንበቡን ይተዋል።

ደግሞ ቁጠሩ። አሜሪካዊው ክላውድ ሆፕኪንስ በ1923 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ማስታወቂያ በግምት ሳይሆን በሚመለስ ኩፖን ተቆጥሮ መፈተን አለበት ብሎ ተከራክሯል። እኛ ጋ ይህን ለማድረግ እስክሪብቶ ይበቃል። አየር ጤና በሚበተነው ጥግ ላይ «ሀ»፣ አጣና ተራ በሚበተነው ላይ «ለ» ብላችሁ ጻፉ፤ ወረቀቱን ይዞ ለሚመጣ ትንሽ ቅናሽ አድርጉ። በሳምንቱ የትኛው ሰፈር እንደሰማችሁ ታውቃላችሁ።

«በቴሌግራም ዘመን ምን ወረቀት አመጣችሁ?» የሚሉን አይጠፉም። የቴሌግራም ቻናል ከሞያሌ እስከ መቀሌ ይደርሳል፤ ሶፋ የሚያድሰው ልጅ ግን የሚፈልገው ከሱቁ ጀርባ ያለውን ኮንዶሚኒየም ነው። ለሰፈር ሥራ ወረቀት ዛሬም ይሠራል፤ ባዶ ቃል ግን በቴሌግራምም ቢሆን ባዶ ነው።

ነገሩን የምናከርረው ገንዘቡ የማን እንደሆነ ስለምናውቅ ነው። ተደራጅተው፣ ተበድረው ሱቅ የከፈቱ እኩዮቻችን ናቸው ከመጀመሪያው ወር ወጪያቸው ላይ ቀንሰው የሚያሳትሙት። ማተሚያ ቤቱ «በኦፍሴት ከሆነ ብዙ ብታሳትሙ ይረክሳል» ይላቸዋል። አልዋሸም፤ የፕሌቱ ወጪ ለ500ም ለ5 ሺሕም ያው ነው። ግን የማይሠራ ወረቀት ረከሰ ተብሎ ሲበዛ ምን ይጠቅማል? መጀመሪያ መቶ ኮፒ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ሰው ይዞት ከመጣ ያኔ ሺሕ አሳትሙ። ዲዛይነሮቻችሁም ያንኑ «ታላቅ የምሥራች» ከድሮ ፋይል እየገለበጡ ማስከፈላቸውን ያቁሙ።

ጥራታችሁን ደንበኛው ራሱ አይቶ ይፍረድ። እናንተ ዋጋውንና መንገዱን ብቻ ንገሩት።