የድብ አደጋ የሚጀምረው ከስንቅ ነው

በአገራችን ድብ የለም። ይሁን እንጂ በሲያትልና በዴንቨር የሚኖሩ ወገኖቻችን ለሽርሽር የሚወጡባቸው ተራሮች የጥቁር ድብ መኖሪያ ናቸው፤ ነገ ለትምህርት ወደዚያ የሚጓዝ አንባቢም ይኖራል። ስለ ድብ ሲነሳ «ቢያጋጥመኝ ምን ላድርግ?» ማለት የተለመደ ነው። በእኔ እምነት ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እርሱም ድቡን ወደ ሰው የሚያመጣው ምንድን ነው የሚለው ነው።

በሞንታና የሚገኘው ግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ በ1910 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ጀምሮ ለ57 ዓመታት በድብ የተገደለ ሰው አልነበረም። በነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. ግን በአንድ ሌሊት፣ በተለያዩ ሁለት ስፍራዎች፣ ሁለት የ19 ዓመት ወጣት ሴቶች በግሪዝሊ ድቦች ተገደሉ። ከስፍራዎቹ በአንደኛው የነበረ የእንግዳ ማረፊያ የምግብ ትራፊውን ከደጅ ይጥል ነበር፤ ጎብኚዎችም ድቦቹ መጥተው ሲበሉ ማየትን እንደ ትርዒት ቆጥረውት ነበር። ድብ የበረዶውን ወራት ሳይበላ ስለሚያሳልፍ አስቀድሞ ስብ ማከማቸት አለበት፤ ያለ ድካም የጠገበበትን ስፍራም አይረሳም። የሰው ሽታና የምግብ ሽታ አንዴ ከተቆራኙበት ተፈጥሯዊ ፍርሃቱ ይለቀዋል። የሎውስቶን ፓርክ ድቦች ይመገቡባቸው የነበሩትን የመጨረሻዎቹን የቆሻሻ መጣያዎች በ1970 እ.ኤ.አ. የዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለሆነም ስንቅ ቀርቶ ሳሙና እንኳ በድንኳን ውስጥ ማደር የለበትም። ድብ ሊከፍተው በማይችል መያዣ ተዘግቶ፣ ከመኝታው 90 ሜትር ያህል ርቆ ይቀመጥ። በጉዞ ላይ ደግሞ በቡድን ሆኖ እየተነጋገሩ መሄድ ይበጃል፤ ግሪዝሊ ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚጎዳው በድንገት ሲደርሱበት ነውና።

«እንደ ሞተ ሰው ተኛ» የሚለው ምክር በሰፊው ይነገራል፤ ምክንያቱ ካልተብራራ ግን አደገኛ ይመስለኛል። ግልገሎቿን ለመከላከል የምታጠቃ ግሪዝሊ ስትደርስበት በሆዱ ተኝቶ ማጅራቱን በእጆቹ የሸፈነ ሰው ሥጋት መሆኑ ይቀራል። ሌሊት ድንኳን የሚገባ ድብ ወይም የሚያጠቃ ጥቁር ድብ ግን ሰውን እንደ ምግብ ቆጥሮት ሊሆን ስለሚችል በድንጋይም በዱላም መታገል ግድ ነው።

በሚጥሚጣችን ውስጥ የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገር የሚገኝበት የሚረጭ መከላከያም አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የአላስካ ጥናት እንዳመለከተው ርጩ ከተሞከረባቸው ቡናማ ድቦች 92 በመቶ የሚሆኑትን ገትቷል። (እንደ ትንኝ መከላከያ በድንኳን ላይ የሚረጩትም አልጠፉም፤ የደረቀው ቅሪት ግን ድብን ይስባል።) የሚረጨው ወደሚመጣው ድብ ፊት ነው። ጣሳው ከቦርሳ ግርጌ ሳይሆን ከወገብ ላይ መንጠልጠል ይኖርበታል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ድብ 40 ሜትር ለመጨረስ ሦስት ሰከንድ ያህል ይበቃዋል።